ስለ አይቢዲ ባዮማርከር ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክሮንስና አልሰራቲቭ ኮላይቲስን፣ ማለትም አይቢዲ የሚባሉትን አንጀት እየተቆጣ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ በሽታዎች፣ በባዮማርከር፣ ማለትም ሰገራ ወይ ደም ላይ በሚለካ የበሽታ ምልክት፣ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል የሚል ፖስት አሁን አሁን በየቦታው ሼር ይደረጋል። ጥናቶቹ አሉ፣ ውሸት አይደሉም፣ አነባበባችን ላይ ነው ጣጣው።

ትልቁ ስህተት "ካልፕሮቴክቲኔ ከፍ ብሏል፣ በቃ አይቢዲ ነው" ማለት ነው። ካልፕሮቴክቲን ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ውስጥ በብዛት ያለ ፕሮቲን ነው፣ አንጀት ሲቆጣ ሴሎቹ እዛ ይሰበሰቡና ፕሮቲኑ ሰገራ ላይ ይገኛል፣ ምን እንዳስቆጣው ግን አይነግርህም። አሜባ ሊሆን ይችላል፣ ሳልሞኔላ፣ የአንጀት ቲቢ፣ ካንሰርም ጭምር፣ ለወገቡ ዲክሎፌናክ ሲውጥ የከረመ ሰውም ከፍ ይልበታል፣ ለጨጓራ ኦሜፕራዞል የሚወስድም እንደዛው (እኛ ሰፈር ከነዚህ አንዱን ያልዋጠ ሰው ፈልጋችሁ አምጡ እስኪ)። ትንንሽ ልጆች ላይ ደሞ ምንም ሳይኖር በተፈጥሮ ከአዋቂ ይበልጣል። አዋቂ ላይ ከ50 ማይክሮግራም በግራም በታች ከሆነ አይቢዲ የመሆኑ ነገር በጣም ይቀንሳል፣ ከ250 ካለፈ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኮሎኖስኮፒ (ካሜራ አስገብቶ አንጀትን ማየት) ይኬዳል፣ መሀል ላይ ያለው መድሃኒቱን አቁሞ ኢንፌክሽን ካለ ታክሞ እንደገና ይለካል። ጉልበቱ እንግዲህ "የለብህም" ለማለት ላይ ነው፣ እንግሊዞቹም ናይስ በሚባለው ተቋማቸው በኩል እ.ኤ.አ. በ2013 ሲያፀድቁት አይቢዲን ከአይቢኤስ (አንጀት ሳይቆጣና ሳይቆስል ሆድ የሚያምበት ችግር) ለመለየት ብለው ነው።

ሲአርፒ (ሰውነት ውስጥ መቆጣት ሲኖር ደም ላይ ከፍ የሚል ፕሮቲን) ኖርማል ስለሆነ ነፃ ነኝ ማለትም አያዋጣም። ሲአርፒን የሚያመርተው ጉበት ነው፣ አንጀቱ አይደለም፣ በተለይ ኮላይቲስ ላይ አንጀቱ ቆስሎ ደሙ ውስጥ ኖርማል ሆኖ የሚገኝባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሶስተኛው "ከ10 አመት በፊት ያውቀዋል" የምትለዋ ርእስ ናት፣ እዚች ጋ ትንሽ እንቆይ። የአሜሪካ ጦር የወታደሮቹን የደም ሴረም (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) ለአመታት ያስቀምጣል፣ ተመራማሪዎች ኋላ ላይ የታመሙትን ሰዎች የድሮ ሴረም አውጥተው ኢንተግሪን አልፋ ቪ ቤታ 6 የሚባለውን ፕሮቲን የሚያጠቃ አንቲቦዲ (የሰውነት መከላከያ የሚሰራው ፕሮቲን) ፈለጉ። ኮላይቲስ ከያዛቸው ሰዎች ውስጥ ከ10 አመት በፊት ፖዘቲቭ የነበሩት 12 ፐርሰንት ገደማ ናቸው፣ በሽታው በታወቀበት ሰአት ወደ 52 ደርሷል፣ ካልታመሙት ደሞ 2.7 ፐርሰንቱ ላይ ተገኝቷል። ለሳይንሱ ትልቅ ነገር ነው፣ በሽታው ምልክት ከመስጠቱ በፊት ስንት አመት ውስጥ ውስጡን እንደሚሄድ ያሳያል። ግን ለምርመራ ብለህ አስላው፣ 10,000 ጤነኛ ሰው መረመርክና ከነሱ 50ው ወደፊት ይታመማሉ እንበል፣ ከ50ው 6 ሰው ፖዘቲቭ ይወጣል፣ ከማይታመሙት ግን 270 አካባቢ። ለነዛ 270 ሰዎች ምን ብለህ ነው የምትነግራቸው? ቢያውቁትስ ምን ያደርጋሉ፣ ከአሁኑ በሽታውን የሚከለክል የተረጋገጠ መድሃኒት የለም። ለዛም ነው ጄም የሚባለው የካናዳ ፕሮጀክት ዝም ብሎ ማንንም ሳይሆን የክሮንስ ታማሚዎችን ጤነኛ ልጆች፣ ወንድምና እህቶች መርጦ የሚከታተለው።

እኔን በጣም የሚያናድደኝ ግን ንፅፅሩን አለማየት ነው። አንድ ባዮማርከር በሽተኛን ከጤነኛ 95 ፐርሰንት ለየ ይባላል፣ እሺ፣ ግን ሀኪም ጋ ጤነኛ ሰው አይመጣም፣ የሚመጣው ሆዱን የሚያመው፣ የሚያስቀምጠው፣ የከሳ ሰው ነው። እኛ ሀገር ደሞ ዋናው ጥያቄ ክሮንስ ነው ወይስ የአንጀት ቲቢ የሚለው ነው፣ ሁለቱም የትንሹ አንጀት መጨረሻ ላይ መቀመጥ ይወዳሉ፣ ሁለቱም ካልፕሮቴክቲን ያስጨምራሉ፣ ለክሮንስ ተብሎ የሚታዘዘው አስካ የሚባለው አንቲቦዲም ቲቢ ያለባቸው ላይ ስለሚገኝ አይለያቸውም። ተሳስተህ ቲቢውን ክሮንስ ነው ብለህ ስቴሮይድ ካስጀመርክ መድሃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም ቲቢው ይስፋፋል። ስለዚህ ከውጪ የመጣ ጥናት ስታነቡ መጀመሪያ ከማን ጋር ነው ያወዳደሩት ብላችሁ ፈልጉ፣ ቲቢ ያለበት ሰው ውስጡ ከሌለ ውጤቱ አዲስ አበባ ላይ ብዙም አይጠቅምም፣ እስከዛው ኮሎኖስኮፒውና ባዮፕሲው (ከአንጀቱ ትንሽ ቆርጦ መመርመሩ) አይቀሩም።