ፎቶ ማደራጃ ወይስ ፎቶ ማስተካከያ? የሚስማማዎትን ሶፍትዌር እንዴት ይመርጣሉ

ፎቶ አንሺዎች በተገናኙበት «ላይትሩም ይሻላል ወይስ ፎቶሾፕ?» የሚለው ክርክር አይጠፋም። ሁለቱ ግን የተሠሩት ለተለያየ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ፎቶሾፕ አንድን ፎቶ ዘርግቶ እስከ ፒክሰሉ ድረስ ለመሥራት የታሰበ ነው። ላይትሩም በ2007 ሲመጣ ዲጂታል ካሜራ ተስፋፍቶ፣ ፎቶ አንሺው ከአንድ ዝግጅት በመቶና በሺህ የሚቆጠር ፋይል ይዞ መመለስ ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ላይትሩም ከማስተካከል ባልተናነሰ ስለ መምረጥና ስለ መያዝ ይጨነቃል። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በዝግጅት ሥራ የሚተዳደር ሰው መጀመሪያ ማደራጃውን ይምረጥ።

1. ጊዜዎ የት እንደሚያልቅ ይለዩ

የመጨረሻ ትልቅ ሥራዎን ያስታውሱ። ካርዱን ከገለበጡበት ሰዓት ጀምሮ ደንበኛው እስኪረከብ ድረስ አብዛኛውን ጊዜዎን የበላው ምንድን ነው? ሙሽራዋ ከስድስት ወር በኋላ ደውላ «ያቺ እማዬ ስትመርቀን ያለችው ፎቶ» ብትል በስንት ደቂቃ ያገኙላታል? ላፕቶፕዎ ላይ «ሠርግ አዲስ»፣ «ሠርግ የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ 2» የሚሉ ፎልደሮች ከተደረደሩ፣ የጎደለዎት ማደራጃ ነው። በተቃራኒው ለሱቅ የሃያ ጫማ ፎቶ አንስተው ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ነጭ ሲያደርጉ ከዋሉ፣ ፎልደር ይበቃዎታል፤ ገንዘብዎን ማስተካከያው ላይ ያውሉ።

2. የማደራጃውን ዓይነት ይምረጡ

ማደራጃዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። ላይትሩም ክላሲክ (ፎቶውን በኮምፒውተርዎ ላይ የሚያስቀምጠው ላይትሩም)፣ ዲጂካምና ዳርክቴብል መዝገብ ይይዛሉ፦ ፎቶው የት እንዳለ፣ ስንት ኮከብ እንደሰጡት፣ ምን ቃል እንደጻፉበት፣ እንዴት እንዳስተካከሉት። ፎቶው ራሱ ግን መዝገቡ ውስጥ የለም፤ እዚያው ሃርድ ዲስኩ ላይ ነው ያለው። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። «ላይትሩም ውስጥ ስላለ» ብሎ ዋናውን ፎልደር ያጠፋል፤ የሚተርፈው ለማሳያ የተቀመጠችው ትንሿ ምስል ብቻ ናት። ፎልደሩን በዊንዶውስ በኩል ካዛወሩትም ፕሮግራሙ ፎቶውን አጣሁት ይላል፤ ማዛወር ያለብዎት እዚያው ማደራጃው ውስጥ ሆነው ነው።

ሁለተኛው ዓይነት ፎልደሩን እንዳለ ከፍቶ የሚያሳይ ነው። ብሪጅ በነጻ ይገኛል። ፎቶ መካኒክ ይከፈልበታል፤ የዜናና የስፖርት ፎቶ አንሺዎች የሚወዱት ሮው ፋይሉን (ካሜራው ሳያቀናብር የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፋይል) እስኪፈታ ሳይጠብቅ፣ ካሜራው ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠውን ጄፔግ ስለሚያሳይ በጣም ፈጣን በመሆኑ ነው። ዛሬ አንስቶ ዛሬ ለሚልክ ሰው ይህ ይመቻል። የአምስት ዓመት ሥራውን በአንድ ጊዜ መፈለግ የሚፈልግ ግን መዝገብ የሚይዘውን ይውሰድ።

3. ከመጫንዎ በፊት የስያሜ ደንብ ያውጡ

የትኛውም ሶፍትዌር ይህን አይሠራልዎትም፤ አማርኛ ተጠቃሚ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። ለእኛ «ሠርግ» እና «ሰርግ» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ቃል ናቸው። ግማሹን በንጉሡ «ሠ»፣ ግማሹን በእሳቱ «ሰ» ከጻፉ ፍለጋው ግማሹን ብቻ ያመጣል። አንዱን ይምረጡና የምትጠቀሙባቸውን ቃላት ዝርዝር ከረዳትዎ ጋር ተካፈሉ።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ካሜራው ፋይሉ ላይ የሚጽፈው የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የ2017 ዓ.ም. ጥምቀትን «2017-05-11» ብለው ቢሰይሙት፣ ከዓመታት በኋላ ጥር 11 ይሁን የፈረንጆቹ ግንቦት 11 ማን ይለየዋል? «2025-01-19 ጥምቀት ጃንሜዳ» ብለው ይሰይሙት፤ የእኛን ቀን ከፈለጉ በመግለጫው ላይ ያስፍሩት። ሰዓቱንም ከሁለተኛው አንሺ ጋር አስቀድማችሁ እኩል አድርጉ። አንደኛው ካሜራ በሐበሻ ሰዓት 3፣ ሌላው በፈረንጅ 9 ከተሞላ፣ ፎቶዎቹ በሰዓት ሲደረደሩ የከሰዓቱ ግብዣ ፎቶ ከጠዋቱ የቤተ ክርስቲያን ፎቶ ጋር ይቀላቀላል። ላይትሩም ክላሲክም ዲጂካምም የተነሳበትን ሰዓት በጅምላ ማረም ይችላሉ፤ ያም ሆኖ ቀድሞ ማስተካከሉ ይቀላል።

4. ማስተካከያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግዎ ይወስኑ

ላይትሩምና ዳርክቴብል ዋናውን ሮው ፋይል አይነኩትም፤ «ብርሃኑን ጨምር፣ ዳሩን ከርክም» የሚለውን ትእዛዝ መዝግበው ፎቶውን ሲያወጡ ብቻ ይተገብሩታል። አብዛኛው የዝግጅት ሥራ እዚህ ያልቃል። ለምሳሌ እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው ፀሐይ ላይ ቆመዋል እንበል። ለነጠላው ሲሉ ብርሃን ከቀነሱ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ለፊታቸው ሲሉ ከጨመሩ የነጠላው ሽመና ጠፍቶ ነጭ ብቻ ይሆናል። መፍትሔው በሮው አንስቶ ነጠላውን የሚያድን ብርሃን መያዝ፣ ከዚያ እዚያው ላይትሩም ውስጥ ፊቱን ብቻ በማስክ (የተመረጠውን ቦታ ብቻ በሚለይ መሣሪያ) ከልሎ ብርሃኑን መጨመር ነው። ለዚህ ፎቶሾፕ አያስፈልግም።

ፎቶሾፕ ወይም ነጻው ጊምፕ የሚያስፈልገው ሁለት ፎቶ ሲዋሃድ (በቤተሰብ ፎቶ ዓይኑን የጨፈነውን ከሌላ ፎቶ ማምጣት)፣ ከበስተጀርባ የቆመ ሚኒባስ በንጽሕና ሲጠፋ፣ ወይም ጽሑፍ ያለበት ፖስተር ሲሠራ ነው። ሁሉንም ፎቶ ወደዚያ አይላኩ። የ24 ሜጋፒክሰል ፎቶ ወደ ፎቶሾፕ ሲሄድ በ16 ቢት ቲፍ (ጥራቱ ሳይቀንስ በሚቀመጥ የፋይል ዓይነት) ሳይጨመቅ ከተቀመጠ 144 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፤ መቶ ፎቶ 14 ጊጋባይት አለፈ ማለት ነው። መጀመሪያ ማደራጃው ውስጥ ይምረጡ። በላይትሩም «ፒ» ቁልፍ ይለፍ፣ «ኤክስ» ይውደቅ ማለት ነው። ከዚያ ያለፉትን ያስተካክሉ፣ ከእነሱም ተጨማሪ ሥራ የሚፈልጉትን ጥቂቶች ብቻ ወደ ፎቶሾፕ ያሳልፉ።

5. ክፍያውንና መውጫውን ያስቡ

ላይትሩምና ፎቶሾፕ በደንበኝነት ክፍያ ነው የሚሠሩት። ኢትዮጵያ ውስጥ ላለ ሰው ከዋጋው በላይ የሚያስቸግረው በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ማግኘቱ ነው። ክፍያው ቢቋረጥ ላይትሩም ክላሲክ መዝገብዎን ይከፍትልዎታል፣ ማስተካከያ ክፍሉ ግን ይዘጋል። ክራክ የተደረገውን መጫን የሚያጓጓ ቢሆንም፣ የደንበኛ ፎቶ በተቀመጠበት ማሽን ላይ ምን ይዞ እንደሚገባ የማይታወቅ ፋይል መክፈት አልመክርም። ዲጂካም ለማደራጀት፣ ዳርክቴብል ለሮው፣ ጊምፕ ለዝርዝሩ፤ ሦስቱም ነጻ ናቸው። ዳርክቴብል ግን ለመልመድ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ደካማ ላፕቶፕም ያንቀራፍፈዋል።

ሶፍትዌርም ይሞታል። አፕል አፐርቸርን በ2015 ከሽያጭ አወጣው፤ ጉግል ፒካሳን በ2016 ተወው። ስለዚህ የጻፉትን ቃልና የሰጡትን ኮከብ መዝገቡ ውስጥ ብቻ አያስቀሩ፤ ከፋይሉ ጋር እንዲጻፍ ያድርጉ። ላይትሩም ክላሲክ ውስጥ ፎቶዎቹን መርጦ ኮንትሮልና ኤስን መጫን ነው፤ ለሮው ከጎኑ ይህን መረጃ የሚይዝ ትንሽ የኤክስኤምፒ ፋይል ይፈጥራል። ቃሉና ኮከቡ ወደ ሌላ ፕሮግራም አብረው ይሻገራሉ። የቀለምና የብርሃን ማስተካከያው ግን በአብዛኛው እንዳለ አይሻገርም፤ ያለቀለትን ፎቶ በጄፔግ ወይም በቲፍ አውጥተው ያስቀምጡ።

6. በአንድ እውነተኛ ሥራ ይሞክሩት

የተረከበና የተዘጋ አንድ ሥራ ይውሰዱ፤ ገልብጠው በላዩ ይሞክሩ። ይምረጡ፣ ቃል ይጻፉ፣ ያስተካክሉ፣ ለደንበኛ የሚሆነውን ያውጡ። ቴሌግራም ላይ ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ፎቶ ከላኩት ያሳንሰዋል። ከዚያ ፎቶዎቹንና መዝገቡን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ገልብጠው በሌላ ኮምፒውተር ይክፈቱ። ኮከቦቹ፣ ቃላቱና ማስተካከያው እንዳሉ ከመጡ ሶፍትዌሩን ያዙት። ካልመጡ ወርሃዊ ክፍያ ሳይጀምሩ ሌላውን ይሞክሩ።