ነብሮ አፉን የዘጋብኝ ሰሞን፦ ለጌኮ የሚበሉ ነፍሳት አመራረጥ

ነብሮ የምለው ጌኮዬን፣ ቤት ውስጥ የማሳድገውን ትንሽ እንሽላሊት ነው። ሊዮፓርድ ጌኮ ነው፤ ጀርባው ላይ ባሉት ነጠብጣቦች ነው ስሙን ያወጣሁለት። አንድ ሰሞን ከዋክስዎርም በቀር ምንም አልበላም አለ። ፌንጣ ሳቀርብለት ፊቱን ያዞራል፤ በረሮ ሲያይ ዋሻው ይገባል።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ዋክስዎርም ሲያይ ጭራውን እያርገበገበ የሚወረወረው ነገር ስለሚያስቀኝ በየቀኑ ሰጠሁት። ይህ ትል ንብ ቀፎ ውስጥ ገብቶ ሰሙን የሚበላው የብል እጭ ነው። ነጭ፣ ለስላሳ፣ ስብ በስብ። ለጌኮ ከረሜላ በሉት። ከረሜላ የለመደ ልጅ ምሳ እምቢ ቢል ይገርማል?

ዋክስዎርሙን ጭራሽ አቆምኩ። በየሁለት ቀኑ አንድ ፌንጣ በወረንጦ ይዤ እቀርባለሁ፤ እምቢ ሲል አነሳለሁ። በዘጠነኛው ቀን በላ። ትልቅ ጤነኛ ሊዮፓርድ ጌኮ ጭራው ውስጥ ስብ ስለሚያከማች ጥቂት ቀን ባይበላ አይጎዳም። ገና በማደግ ላይ ባለ ወይም ጭራው በሳሳ ጌኮ ላይ ግን ይህን እልህ እንዳትሞክሩት።

ከዚያ በኋላ የሚመርጠው እሱ ሳይሆን እኔ ሆንኩ።

መጀመሪያ የማየው መጠን ነው። በሁለቱ ዓይኖቹ መካከል ካለው ርቀት የሚሰፋ ነገር አልሰጠውም። ቀጥሎ የጌኮው ዓይነት ይታያል። ክሬስትድ ጌኮ ያላችሁ ሰዎች ዋናው ምግባችሁ በውሃ የሚበጠበጠው የፍራፍሬ ዱቄት ነው፤ ነፍሳቱ ተጨማሪ ናቸው። (ምግባችሁ ስል የጌኮውን ማለቴ ነው።) ሊዮፓርድ ጌኮ ግን ቅጠልም ፍራፍሬም አይነካም፤ የሚኖረው በነፍሳት ነው።

ለዘወትር የሚሆኑት ክሪኬት የሚባለው ማታ ማታ የሚጮኸው ፌንጣና ዱቢያ በረሮ ናቸው። ፌንጣ ስለሚዘል ጌኮውን ያሯሩጠዋል፤ ጥሩ ስፖርት ነው። ግን ይጮኻል፣ ይሸታል፣ ያመልጣል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ይነክሳል። አንድ ማታ ሦስት ፌንጣ ሳላወጣ ተኛሁ፤ ጠዋት የነብሮ አንድ ጣት ቆስሎ አገኘሁት። አሁን በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልተበላውን ለቅሜ አወጣለሁ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ዱቢያ ይሻላል። ድምፅ የለውም፣ ለስላሳ ፕላስቲክ መውጣት አይችልም፣ ሥጋውም ጥሩ ነው። ችግሩ አደጋ ሲሸተው ድርቅ ብሎ መቆሙ ነው፤ ጌኮ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር ብዙም ልብ አይልም። በወረንጦ ይዞ ማወዛወዝ ነው። «በረሮ ቤቴ አይገባም» የሚል ሰው አብሯችሁ ካለ ግን ፌንጣውን ቻሉት።

ሚልዎርም የጢንዚዛ እጭ ነው። ርካሽ ነው፣ አያመልጥም፣ ፍሪጅ ውስጥ ሲገባ እድገቱ ቀዝቅዞ ለሳምንታት ይቆያል። (ባለቤቴ የቅቤ ዕቃ መስሏት ከከፈተች ወዲህ ሳጥኑ ላይ በትልቁ እጽፋለሁ።) ቆዳው ጠንከር ስለሚል፣ ቆዳቸውን ገና ቀይረው ነጭ የሆኑትን ለትንሽ ጌኮ ለይቼ እሰጣለሁ። የሞተና የጠቆረ ይጣላል። «ሆዱን ቀዶ ይወጣል» የሚባለው ተረት ነው። ታላቅየው ሱፐርዎርም ግን ብርድ አይችልም። አንድ ሙሉ ሳጥን ፍሪጅ ከትቼ ነው የተማርኩት።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር። እነዚህ ነፍሳት ፎስፈረሳቸው ከካልሲየማቸው በብዙ ይበልጣል፤ ጌኮው የሚፈልገው ደግሞ ተቃራኒውን፣ ካልሲየሙ ወደ እጥፍ የሚጠጋ እንዲሆን ነው። ካልሲየም ሲጎድለው ከራሱ አጥንት ይወስዳል። መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፤ የጎበጠ እግር ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። ስለዚህ ነፍሳቱን ከካልሲየም ዱቄት ጋር ላስቲክ ውስጥ ከትቼ ትንሽ እነቀንቃቸዋለሁ። ነጣ ካሉ በቂ ነው። አልትራቫዮሌት መብራት ከሌላችሁ ቫይታሚን ዲ3 ያለበትን ዱቄት ፈልጉ። ዱቄት የማያስፈልገው የጥቁር ወታደር ዝንብ እጭ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ በተፈጥሮው ካልሲየም ሞልቶታል።

ዱቄቱ ውጪውን ነው፤ ሆዱስ? የተራበ ፌንጣ ባዶ ቅርፊት ነው። ነፍሳቱን ከመስጠቴ አንድ ቀን ቀደም ብዬ ካሮትና ጥሩ ቅጠል አበላቸዋለሁ። ካሮቱ ውሃም ይሆናቸዋል፤ ሳህን ውሃ ብታስቀምጡላቸው ይሰምጣሉ።

ከውጪ ተይዞ የመጣ ነፍሳት አይሰጥም፤ የተረጨ መድኃኒት ወይም ጥገኛ ተውሳክ ሊኖርበት ይችላል። በጨለማ ሆዱ ብልጭ ብልጭ የሚለው ጢንዚዛማ መርዝ ነው። አንዱ ብቻ ጌኮ ሊገድል ይችላል።

ዋክስዎርሙስ? በወር ሁለት ጊዜ፣ አንድ አንድ። ዱቢያውን ከበላ በኋላ።