የአስቤዛ ዝርዝር አዘገጃጀት፦ ስንት እንደሚገዛ፣ ከየት እንደሚገዛ፣ መቼ እንደሚገዛ

በብዙ ቤት የአስቤዛ ዝርዝር የሚጻፈው ዘንቢል ከተያዘ በኋላ፣ በር ላይ ተቆሞ ነው። ዘይት፣ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ሳሙና ይባልና ይወጣል። መጠን የሌለው ወረቀት ገበያ ላይ ዋጋ ሲወደድ ያሳንሳል፣ ሲረክስ ያበዛል፤ ቤት ሲገባ ያለው ተደርቦ የሌለው ተረስቶ ይገኛል። ጥሩ ዝርዝር የሚጀምረው ከጓዳ ነው።

1. የቤትዎን ፍጆታ ይለኩ

የሚያስፈልገው ፕላስተር፣ እስክሪብቶና አንድ ደብተር ነው። የዘይት ጀሪካን፣ የሽሮ ባልዲ ወይም የስኳር ዕቃ በከፈቱ ቁጥር ቀኑን በፕላስተር ላይ ጽፈው ይለጥፉበት። ሲያልቅ ሁለቱን ቀኖች ደብተሩ ላይ ያስፍሩ። ከሁለት ወር በኋላ ማንም በግምት የማይነግርዎትን ነገር ያውቃሉ።

ለምሳሌ ባለ 5 ሊትር ዘይት መስከረም 3 ተከፍቶ መስከረም 24 ቢያልቅ 21 ቀን ቆይቷል ማለት ነው። በቀን 240 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ በ30 ቀን ደግሞ 7 ሊትር ከትንሽ። ይህ ቤት በየወሩ ሁለት ጀሪካን መግዛት የለበትም። አንድ ወር ሁለት ቢገዛ ወደ 3 ሊትር ይተርፈዋል፤ በሚቀጥለው ወር አንድ ይበቃዋል። ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት፣ አንድ እያለ ይሄዳል። ሳይለካ በየወሩ ሁለት የሚገዛ ቤት ግን ትርፉን አያስቀምጠውም፤ ዘይት ሞልቶ ሲታይ ድስት ላይ የሚፈሰውም ይበዛል።

የሚገዛውን መጠን ለማግኘት የቀን ፍጆታውን እስከ ሚቀጥለው ግዢ ባሉት ቀናት ያባዙ፣ መጠባበቂያ ይጨምሩ፣ ቤት ያለውን ይቀንሱ። ለጤፍ፣ ለሽሮና ለዘይት የአንድ ሳምንት መጠባበቂያ ይበቃል። ለቲማቲምና ለቃሪያ መጠባበቂያ አይያዝም፤ ይበሰብሳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። በጾም ወራት የተለካ ፍጆታ ለፍስክ አይሠራም። እንግዳ የሰነበተበት ወይም ድግስ የነበረበት ሳምንትም ስሌቱን ስለሚያዛባ ደብተሩ ላይ ምልክት ያድርጉበትና ይዝለሉት።

2. ዝርዝሩን በግዢው ዘመን ይክፈሉ

ሁሉንም በአንድ ወረቀት መጻፍ ዋናው ስህተት ነው። በዓመት ወይም በመንፈቅ የሚገዛ፣ በወር የሚገዛና በሳምንት የሚገዛ ለየብቻ ገጽ ይኑረው። ዳቦና ወተት ዝርዝር አያሻቸውም።

ትልቁ ገንዘብ ያለው የመጀመሪያው ገጽ ላይ ነው። ጤፍ የሚታጨደው በአብዛኛው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለሆነ አዲሱ እህል ገበያ ሲገባ ዋጋው ይላላል፤ ክረምት ሲቃረብ ይወደዳል። ጤፍ ነቀዝ ብዙም የማይደፍረው እህል ነውና ደረቅ ቦታ፣ ከመሬት ከፍ ባለ እንጨት ላይ ከተቀመጠ አንድ ኩንታል ገዝቶ ማቆየት ይቻላል። የሚፈጨው ግን የወሩ ብቻ ይሁን። ሽምብራ፣ ባቄላና አተር እንዲህ አይደሉም። ረክሶ አገኘሁ ብሎ የስድስት ወር ሽምብራ የገዛ ቤት ግማሹን ነቀዝ ሊበላበት ይችላል። እነዚህን ከሁለት ወር ባልበለጠ መጠን መግዛት ይሻላል።

በርበሬን ዝርዝር ላይ «በርበሬ» ብሎ መጻፍ አያዋጣም፤ ወጪው ከዛላው ጋር አያልቅምና። ዛላው ሲቀነጠስና የተበላሸው ሲለቀም ክብደቱ ይቀንሳል። ከዚያ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ በሶብላ፣ ኮረሪማ፣ ነጭና ጥቁር አዝሙድ፣ ጨው ይከተላል፤ በመጨረሻም የማስፈጫ ይመጣል። ሁሉም ከበርበሬው ሥር በየመጠኑ ይጻፍ። ብሩ ዛላው ላይ አልቆ ቅመሙ በኋላ ከሰፈር ሱቅ በትንሽ በትንሹ ሲገዛ፣ በጅምላ የዳነው ገንዘብ እዚያው ይመለሳል። ሽሮም እንደዚሁ ነው። ሁለቱም ፀሐይ ስለሚፈልጉ ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ ቢዘገይ ግንቦት ላይ ማለቅ አለባቸው። በእርጥብ ቀን የተሰናዳ በርበሬ ሻጋታ ይይዘዋል።

የወሩ ገጽ ቀላል ነው፦ ዘይት፣ ስኳር፣ ጨው፣ ቡና፣ ፓስታ፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ ሶፍት። የሳምንቱ ገጽ አትክልት ነው።

3. ሌላ ሰው ቢላክበት የማይሳሳትበት አድርገው ይጻፉ

«ምስር» ክክ ነው ወይስ ድፍን? «ዘይት» የሚረጋው ነው ወይስ የሱፍ? «ጤፍ» ማኛ ነው፣ ነጭ ነው ወይስ ሠርገኛ? «ጎመን» የሀበሻ ነው ወይስ ጥቅል? የተላከው ልጅ ስልክ እየደወለ የሚያጠፋው ጊዜ እዚህ ይድናል። እያንዳንዱ መስመር አምስት ነገር ይያዝ፦ የዕቃው ዓይነት፣ ቤት ያለው፣ የሚገዛው መጠን፣ ባለፈው የተገዛበት ዋጋ፣ የዛሬ ዋጋ። የመጨረሻውን ባዶ ይተዉት፤ ገበያ ላይ ይሞላል። ወረቀቱን በስልክ ፎቶ አንስተው የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ቢያስቀምጡት ከሥራ ሲመለስ በገበያው የሚያልፈው ሰው ሳይጠይቅ ይገዛል። የገዛው ሰው «ገዝቻለሁ» ብሎ ካልጻፈ ግን ሁለት ሰው አንድ ዕቃ ይዞ ይገባል።

4. ዕቃውን በሚገዛበት ቦታ፣ ቦታውን በመንገድዎ ቅደም ተከተል ያሰልፉ

ትዝ ባለ ቅደም ተከተል የተጻፈ ዝርዝር አንድ ሱቅ ሁለት ጊዜ ያስኬዳል። ከላይ «ሸማቾች»፣ «እሁድ ገበያ»፣ «ጉሊት»፣ «ሱቅ» ብለው ርዕስ ይስጡና ዕቃውን ከሥሩ ይደርድሩ። በእግር ከሆነ ከባዱና የማይፈርሰው ቀድሞ ይገዛ፤ ድንችና ሽንኩርት ዘንቢሉ ሥር፣ ቲማቲምና እንቁላል መጨረሻ።

ሩቅ ገበያ ሁልጊዜ አይረክስም። ሽንኩርት በኪሎ 15 ብር ቢቀንስና የታክሲው ደርሶ መልስ 60 ብር ቢሆን፣ 4 ኪሎ የገዛ ሰው ምንም አላተረፈም፤ ከዚያ በላይ የሚገዛ ነው የሚያዋጣው። ስለዚህ ሩቁን ገበያ ብዙ ኪሎ ለሚገዛበት ቀን ያቆዩት። ሁለት ሦስት ጎረቤት ሆኖ አንድ ሳጥን ቲማቲም መካፈልም ጥሩ ነው። ሳጥኑ ከላይ የተመረጠ፣ ከሥር የተጨፈለቀ ሊሆን ስለሚችል እንዲሁ ከላይ እየተነሣ አይካፈል፤ መጀመሪያ ሁሉም ይፍሰስና ይለቀም፣ ከዚያ በሚዛን ይከፈል።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ጠዋት ምርጫ አለ፤ አመሻሽ ላይ ሻጩ ማደር የማይችለውን ያራክሳል። ለዛሬ ማታ ወጥ የሚሆን ቲማቲም አመሻሽ ላይ ይገዛ፤ የሳምንቱ ግን ጠዋት።

5. ዋጋን በኪሎና በሊትር ብቻ ያነጻጽሩ

የጉሊት መደብ ርካሽ ይመስላል፤ የሚከፈለው ትንሽ ነውና። አንድ መደብ ቲማቲም ቤት ወስደው አንድ ጊዜ ይመዝኑት። መደቡ 20 ብር ሆኖ 400 ግራም ቢመዝን ኪሎውን በ50 ብር ገዝተዋል። ያንን ከሚዛን ዋጋ ጋር ያስተያዩት። ለዕለት ወጥ መደብ ይሻላል፣ የሚባክን የለም፤ ለሳምንት ግን ሚዛን። የታሸገ ዕቃም ያታልላል። 1 ሊትር የሚመስል ጠርሙስ 900 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ሳሙናው መጠቅለያው ሳይለወጥ ግራሙ ይቀንሳል። ቁጥሩን አንብበው ዋጋውን ያካፍሉ። የሚያበቃበትን ቀን ሲያዩ ደግሞ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ያረጋግጡ፤ የአውሮፓውያኑና የእኛ ዓመት ከ7 እስከ 8 ዓመት ስለሚለያይ የተበላሸውን ደህና፣ ደህናውን የተበላሸ ያስመስላል።

ቀይ ሽንኩርት በብዛት ሲገዙ አንገቱን በጣት ይጫኑ። ደርቆ ከተዘጋ ይቆያል፤ ከላላ ወይም ካቆጠቆጠ ለዚያው ሳምንት ብቻ ይውሰዱ። ቤት ሲገባ ከፌስታል ይውጣ፣ አየር በሚያገኝበት ይሰጣ። ድንቹን ከሽንኩርቱ ያርቁት፣ ጨለማ ቦታም ይሁን፤ ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ይሆናል፣ ይመርራል፣ ለጤናም ጥሩ አይደለም።

6. ዝርዝሩን ከጾምና ከበዓል ጋር ያስማሙ

በዓቢይ ጾም 55 ቀናት ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ ከጿሚው ቤት ዝርዝር ይወጣሉ፤ ሽሮ፣ ምስርና ዘይት ይጨምራሉ። ቅቤ ፈላጊ ሲያጣ ይረክሳል፣ ፋሲካ ሲቃረብ ይወደዳል። ስለዚህ የፋሲካው ቅቤ በጾሙ አጋማሽ ተገዝቶ ይነጠር፤ በሰሙነ ሕማማት የሚገዛ ሰው በውድ ዋጋ ይገዛል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም የወሩ ስሌት እንደገና ይሠራ። በረመዳን ደግሞ ምግቡ ወደ ኢፍጣርና ስሑር ስለሚዞር ቴምር፣ የሾርባ እህል፣ የሳምቡሳ ዱቄትና ምስር ለብቻ ገጽ ተይዞ ወሩ ሳይገባ ይገዛ።

ከሁሉም የሚከብደው የነሐሴ ዝርዝር ነው። አብዛኛው የወር ደሞዝተኛ ለጳጉሜን ለብቻ አይከፈለውም። የነሐሴ መጨረሻ ደሞዝ እስከ መስከረም መጨረሻ ለመድረስ 35 ቀን፣ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት 36 ቀን ይሄዳል። በመሐል እንቁጣጣሽና መስቀል አሉ፤ ትምህርት ቤትም ይከፈታል። በ30 ቀን አባዝተው ከጻፉ ሽሮና ዘይቱ መስከረም 25 ገደማ ያልቃል። ስለዚህ በዚያ ወር እያንዳንዱን የቀን ፍጆታ በ35 ያባዙ። የዶሮው፣ የእንቁላሉና የቅቤው ገንዘብ በሌላ ወረቀት ይጻፍ፣ ብሩም በሌላ ፖስታ ይቀመጥ። የሳሙናና የበረኪና ግዢን ወደ ሐምሌ ቢያመጡት የነሐሴው ሸክም ይቀላል፤ እነሱ በአንድ ሁለት ወር አይበላሹም።