29 ግራም ቡቴን ስንት ግራም ኦክስጅን ይፈልጋል? የቃጠሎ ስሌት የሚበላሽባቸው ቦታዎች

ደሴ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ኬሚስትሪ አስጠናለሁ። ቃጠሎ ላይ ስንደርስ ከቡታጋዝ እጀምራለሁ፦ በውስጡ ካለው ጋዝ፣ ከቡቴን፣ 29 ግራም ሙሉ በሙሉ እንዲቃጠል ስንት ግራም ኦክስጅን ያስፈልገዋል? እኩልዮሹን አመጣጥነው ይጽፋሉ።

2 ቡቴን + 13 ኦክስጅን → 8 ካርቦን ዳይኦክሳይድ + 10 ውሃ

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ ከፊት ያሉትን ቁጥሮች እንደ ግራም መቁጠር። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ 29ን በ13 አባዝታ፣ ለ2 አካፍላ፣ 188.5 ግራም ብላ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት። ማባዛቷም ማካፈሏም ልክ ነው። ነገር ግን 2 እና 13 የሚቆጥሩት ሞል ነው፤ ሞል እንደ ደርዘን የብዛት መቁጠሪያ ነው፣ የሚቆጥረውም ሞለኪውሎችን ነው። አሥር ሎሚና አሥር ብርቱካን በቁጥር እኩል ናቸው፤ ሚዛን ላይ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ግራሙን ወደ ሞል እንለውጥ። አንድ ሞል ቡቴን 58 ግራም ስለሚመዝን 29 ግራም ግማሽ ሞል ነው። ለ2 ሞል 13 ሞል ኦክስጅን ካስፈለገ፣ ለግማሽ ሞል 3.25 ይበቃል። አንድ ሞል ኦክስጅን 32 ግራም ስለሚመዝን፣ ይህ በ32 ሲባዛ 104 ግራም ይሆናል።

52 ግራም ያገኘ ተማሪ ደግሞ በ32 ፈንታ በ16 አባዝቷል። 16 የአንድ አቶም ነው፤ የምንተነፍሰው ኦክስጅን ግን ጥንድ አቶም ነው።

እኩልዮሹን በምልክት ስትጽፉ፣ ለማመጣጠን ብላችሁ የግርጌ ቁጥር (ከአቶሙ ምልክት ግርጌ ያለውን፣ በአንድ ሞለኪውል ውስጥ የአቶሙን ብዛት የሚነግረውን) አትንኩ። ውሃ ላይ አንድ ኦክስጅን ከጨመራችሁ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ሆነ ማለት ነው።

መልሳችሁን ሳትደምሩ አትለፉ፦ የገባው 29 እና 104፣ የወጣው 88 ካርቦን ዳይኦክሳይድ እና 45 ውሃ። ሁለቱም 133።

ሊትር ሲጠየቅ 22.4ን በጭፍን የሚያባዙም አሉ። ያ ቁጥር የአንድ ሞል ጋዝ ሊትር ነው፤ የሚሠራውም ለ0 ዲግሪ ሴልሺየስና ለባሕር ወለል ግፊት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ስንወጣ አየሩ ይሳሳል፤ ያው 104 ግራም ኦክስጅን ብዙ ሊትር ይይዛል። ግራሙ ግን አይለወጥም።

የመጨረሻው ከወረቀት ያልፋል፦ ቃጠሎ ሁሉ የተሟላ ነው ብሎ ማሰብ። 12 ግራም ካርቦን 32 ግራም ኦክስጅን ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። 16 ብቻ ካገኘ ግን የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ ቀለምም ሽታም የለውም፣ ይገድላል። በደሴ ብርድ በር ዘግተው ከሰል ለሚያነዱ ቤተሰቦቻችሁ ይህን እኩልዮሽ ዛሬ ማታ አስረዷቸው።