ቀስቱ አለ፣ ሥራው ግን አልተንቀሳቀሰም

የሥራ መርሐ ግብር በሚወጣበት ፕሮግራም፣ ማይክሮሶፍት ፕሮጀክት ላይ የግድግዳውን ሥራ ከልስኑ ጋር አገናኝተዋል፤ ቀስቱም ይታያል። ግድግዳው ከ5 ቀን ወደ 8 ሲራዘም ግን ልስኑ የድሮ ቀኑ ላይ ቁጭ ብሏል።

በመጀመሪያ «ታስክ ሞድ» የሚለውን ዓምድ ይዩ። የፒን ምስል ካለበት ሥራው በእጅ የሚመራ ነው። ከ2010 እትም ወዲህ፣ ቅንብሩን ካልቀየሩት፣ አዲስ ሥራ እንዲህ ሆኖ ነው የሚገባው። ሰው የሚሸወደው ሥራዎቹን ባገናኘበት ቅጽበት ፕሮግራሙ ቀኑን አንዴ ስለሚያስተካክልለት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አያየው። ሥራዎቹን በሙሉ መርጠው «አውቶ ስኬጁል»ን ይጫኑ።

ቀዳሚው ሲራዘም ተከታዩ ይገፋል፣ ሲያጥር ግን አብሮ አይመለስም? ይህ በእጅ የተጻፈ ቀን ጣጣ ነው፤ እኔ የማየው አብዛኛው ችግርም ከዚህ የሚመጣ ነው። «ስታርት» ውስጥ ቀን ሲጽፉ እርስዎ ግምት ያስቀመጡ ይመስልዎታል፤ ፕሮግራሙ ግን «ከዚህ ቀን በፊት እንዳይጀመር» የሚል ገደብ አድርጎ ይይዘዋል። ምልክቶች በሚታዩበት ዓምድ ላይ ትንሽ ካላንደር ብቅ ትላለች። ሥራውን ሁለቴ ጠቅ ያድርጉና «አድቫንስድ» ገጽ ላይ ገደቡን ወደ «አዝ ሱን አዝ ፖሲብል» (በተቻለ ፍጥነት) ይመልሱት። ብዙ ሥራ ላይ ጽፈው ከሆነ «ኮንስትሬይንት ታይፕ» (የገደብ ዓይነት) የሚለውን ዓምድ አውጥተው አንዱን ያስተካክሉ፣ ከዚያ ወደ ታች ይሳቡት። የማስረከቢያ ቀን ካለዎት ቦታው «ዴድላይን» ነው፤ ቀኑ ሲያልፍ ያስጠነቅቃል እንጂ ሥራውን አያስርም።

ፕሮግራሙ ግንኙነቱን ጭራሽ አልቀበልም ካለ፣ ወይ ሥራዎቹ ዞረው እርስ በርስ እየተጠባበቁ ነው (4 ለ7፣ 7 ለ9፣ 9 መልሶ ለ4)፣ ወይ ማጠቃለያውን ሥራ (ሌሎች ሥራዎችን በሥሩ የያዘውን) ከራሱ ንዑስ ሥራ ጋር ሊያገናኙት ሞክረዋል። ማጠቃለያን አለማገናኘት ይሻላል።

የመጨረሻው በሁለት የተገናኙ ሥራዎች መካከል የሚገባው የመጠበቂያ ጊዜ («ላግ») ነው። ኮንክሪት ዓርብ ማታ ተሞልቶ 7 ቀን ይቆይ ብለው «7ዲ» (7d፣ ሰባት የሥራ ቀን) ከጻፉ፣ ቅዳሜና እሁድ ዝግ በሆነ ካላንደር ቀጣዩ ሥራ የሚጀምረው በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ነው። ኮንክሪት ግን እሁድም ይደርቃል። «7ኢዲ» (7ed፣ ዝግ ቀኖችም የሚቆጠሩበት) ብለው ቢጽፉት በዚያው በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ ይጀምራል።