ጨው ቀንሰው ግፊቱ አልወርድ ሲል፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የደም ግፊት ያለበት ሰው «ጨው ቀንስ» ሲባል መጀመሪያ የሚያደርገው የጨው ዕቃውን ከገበታው ላይ ማንሳት ነው። መልካም ጅማሮ ነው፤ ብቻውን ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም። ከሳምንታት በኋላ ሲለካ ቁጥሩ እዚያው ይሆንበትና «ለእኔ አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ ከምክሩ ሳይሆን ከአቆጣጠሩ ነው። ግፊትን የሚጨምረው በቀን ውስጥ የገባው ጠቅላላ ሶዲየም ነው። ሶዲየም ሲበዛ ሰውነት ውሃ ይዞ ያስቀራል፣ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይበረክታል፣ ግፊቱም ከፍ ይላል። ይህን ሶዲየም ደግሞ ምላስ መለካት አይችልም።

ጨውንና ሶዲየምን አንድ አድርጎ መቁጠር

የገበታ ጨው ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉ ሶዲየም ሲሆን ቀሪው ክሎራይድ ነው። ስለዚህ 1 ግራም ሶዲየም ማለት 2.5 ግራም ጨው ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚመክረው በቀን ከ2,000 ሚሊግራም በታች ሶዲየም ነው፤ በጨው ሲሰላ ከ5 ግራም በታች ይሆናል። አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው 6 ግራም ገደማ ስለሚመዝን ወደ 2,300 ሚሊግራም ሶዲየም ይይዛል፤ ማለትም አንዱ ማንኪያ ብቻውን የቀኑን ገደብ ያልፋል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ደግሞ ለአብዛኞቹ አዋቂዎች፣ በተለይም ግፊት ላለባቸው፣ 1,500 ሚሊግራምን እንደ ግብ ያስቀምጣል።

ስህተቱ የሚፈጠረው ማሸጊያ ሲነበብ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ማሸጊያው ላይ የሚጻፈው ጨው በግራም ሲሆን በአሜሪካ ሶዲየም በሚሊግራም ነው። «1 ግራም ጨው» የሚለውን እንደ ሶዲየም ያነበበ ሰው ያለ ምክንያት ይደነግጣል። «1,000 ሚሊግራም ሶዲየም» የሚለውን እንደ ጨው ያነበበ ግን ሳያውቀው 2.5 ግራም ጨው ይበላል፤ የሚያሳስበው ይህ ሁለተኛው ነው።

ምላስን ማመን

ዳቦ ጨዋማ ነው የሚል ሰው ብዙ አያጋጥምም። ሆኖም አንድ ቁራሽ የተቆረጠ ዳቦ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሚሊግራም ሶዲየም ይይዛል፤ በቀን አራት ቁራሽ የሚበላ ሰው ከዳቦ ብቻ እስከ 800 ሊደርስ ይችላል። ኬክና ብስኩት ጣፋጭ ስለሆኑ አይጠረጠሩም፤ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ውስጥ ከ1,200 ሚሊግራም በላይ ሶዲየም አለ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ሶይ ሶስ 900 ገደማ ነው። የሾርባ ኩብ ደግሞ በብዙ ምርቶች ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ጨው ነው። ድስት ውስጥ ኩብ ጨምሮ «እኔ ጨው አልጨመርኩም» ማለት ራስን ማታለል ይሆናል። የተቀቀለ ቋሊማ፣ አይብ፣ ኬቻፕና የተዘጋጁ የቅመም ድብልቆችም በዚሁ ዝርዝር ውስጥ ይገባሉ።

የት መፈለግ እንዳለብዎ የሚወሰነው በአኗኗርዎ ነው። የፋብሪካና የምግብ ቤት ምግብ በሚዘወተርበት አገር፣ ለምሳሌ በአሜሪካ፣ 70 በመቶ የሚሆነው ሶዲየም የሚመጣው ከእነዚሁ ምግቦች ነው። አብዛኛውን ምግብ በራሱ ቤት ለሚያበስል ቤተሰብ ግን ዋናው ምንጭ ድስት ላይ የሚጨመረው ጨው ነው፤ እሱ ማሸጊያ ላይ አይጻፍም።

በእጅ ግምት ጨው መጨመር

ቁንጥር መለኪያ አይሆንም፤ የአንዱ ጣት ከሌላው ይለያል፣ የአንድ ሰው እጅም ከቀን ወደ ቀን። ቀላሉ መፍትሔ የቤቱን ጨው መቁጠር ነው። አዲስ የ1 ኪሎ ጨው ሲከፍቱ ቀኑን ማሸጊያው ላይ ይጻፉ። አራት ሰው በቀን 5 ግራም ቢጠቀም የቤቱ ፍጆታ 20 ግራም ስለሚሆን ኪሎው 50 ቀን መቆየት አለበት። በ30 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ከ8 ግራም በላይ እየወሰደ ነው፤ ያውም ዳቦውና የታሸገው ምግብ ሳይቆጠር። እንግዳ ከበዛ ወይም ጨው የገባበት የመቀቀያ ውሃ ከተደፋ ሒሳቡ ይዛባል፤ ሆኖም ከግምት እጅግ ይሻላል።

ከዚያ ለቀኑ የሚፈቀደውን ጨው ጠዋት በትንሽ ዕቃ ለክቶ ማስቀመጥና ከዚያ ብቻ መጨለፍ ነው። ለአራት ሰው ከግማሽ የሻይ ማንኪያ አራት ጊዜ፣ ማለትም ከ12 ግራም ይጀምሩ፤ ቀሪውን ድርሻ ለዳቦና ለሌሎች ምግቦች ይተዉላቸው።

የማሸጊያውን ፊት አንብቦ ጀርባውን መተው

በአሜሪካ ሕግ «ሶዲየሙ የተቀነሰ» የሚለው ከመደበኛው ምርት ቢያንስ 25 በመቶ ያነሰ ማለት ብቻ ነው፤ መደበኛው በጣም ጨዋማ ከነበረ የተቀነሰውም ጨዋማ ነው። «ዝቅተኛ ሶዲየም» ለማለት በአንድ ድርሻ ከ140 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም። «ጨው አልተጨመረበትም» ማለት ደግሞ ሶዲየም የለውም ማለት አይደለም። ድርሻውንም ይመልከቱ፦ ጣሳው ሁለት ድርሻ ተብሎ እርስዎ ሙሉውን ከጠጡ ቁጥሩን በሁለት ያባዙ። ለ100 ግራም የተጻፈ ከሆነ የእንግሊዝ መለኪያ ይጠቅማል፤ እስከ 0.3 ግራም ጨው ዝቅተኛ፣ ከ1.5 በላይ ከፍተኛ ነው።

የባሕር ጨውና ሮዝ ጨው ይሻላል ብሎ ማሰብ

ግራም በግራም ሲመዘኑ ሶዲየማቸው ከተራው ጨው ጋር ተቀራራቢ ነው። በውስጣቸው ያሉት ሌሎች ማዕድናት ለግፊት ለውጥ የሚያመጡ አይደሉም። ብዙዎቹ አዮዲን ስለማይጨመርባቸው ደግሞ ሌላ ጉድለት ይዘው ይመጣሉ።

የፖታሲየም ጨውን ሳይጠይቁ መጀመር

ይህ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻ ነው፤ አንዱን የሚጠቅም ነገር ሌላውን ሊገድል ስለሚችል። በምትክ ጨው ውስጥ የሶዲየም ክሎራይዱ ከፊል ወይም ሙሉ በሙሉ በፖታሲየም ክሎራይድ ተተክቷል። ጥቅሙ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ውጤቱ የታተመ፣ በገጠር ቻይና 600 መንደሮች ውስጥ 21,000 ገደማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ቀድሞ ስትሮክ የመታቸው ወይም ዕድሜያቸው 60 የሞላና ግፊት ያለባቸው ነበሩ። ሩብ ያህሉ ፖታሲየም የሆነ ጨው የተጠቀሙት፣ ተራ ጨው ከተጠቀሙት ይልቅ ስትሮክ በ14 በመቶ ቀንሶላቸዋል።

ሆኖም ትርፍ ፖታሲየምን የሚያስወግደው ኩላሊት ነው። ኩላሊቱ ከደከመ፣ ወይም ሰውየው ፖታሲየም የሚያስቀሩ መድኃኒቶች ከወሰደ፣ በደሙ ውስጥ ይከማችና የልብን ምት ያዛባል። እነዚህ መድኃኒቶች እንግዳ አይደሉም፤ ኢናላፕሪል፣ ሊሲኖፕሪል፣ ሎሳርታን፣ ስፓይሮኖላክቶን ሁሉም ለግፊት የሚታዘዙ ናቸው። ምትክ ጨው የሚፈልገው ሰው ብዙ ጊዜ እነዚህኑ የሚውጥ ሰው ነው። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት የሚወስዱትን መድኃኒት ይዘው ሐኪም ያማክሩ፤ የኩላሊትና የፖታሲየም የደም ምርመራም ያስፈልጋል።

መድኃኒትን ከሒሳቡ ማስወጣት

ውሃ ውስጥ የሚፈላ የፓራሲታሞል እንክብል አንዱ ብቻ 400 ሚሊግራም ገደማ ሶዲየም ሊይዝ ይችላል። በቀን ስምንት የወሰደ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ገደቡን አልፏል፤ የሚዋጠውን ዓይነት ይምረጡ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ደግሞ ኩላሊት ጨውና ውሃ እንዲያስቀር ስለሚያደርጉ ግፊትን ሊጨምሩ ይችላሉ።

በአንድ ቀን ወደ አልጫ መግባት

ዛሬ ጨውን ጨርሶ የተወ ሰው ብዙውን ጊዜ በሳምንቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ምላስ አነስተኛ ጨው የሚለምደው በሳምንታት ነው። ስለዚህ በየሁለት ሳምንቱ ሩብ ያህል እየቀነሱ ይውረዱ። ድስት ሲጣድ ጨው መጨመር ይቅርና በመጨረሻ ይደረግ፤ ላይ ላዩን የቀረ ጨው ምላስን ቶሎ ስለሚነካ በትንሹ ይጣፍጣል። የጎደለውን በሎሚ፣ በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በቁንዶ በርበሬ ይሙሉት። ሩዝና ፓስታ ያለ ጨው ይቀቀሉ። የጣሳ ባቄላ ውሃው ተደፍቶ በንጹሕ ውሃ ሲታጠብ ሶዲየሙ እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ድንች ከበዛ ጨው ያድናል የሚባለው ግን አይረዳም፤ ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን መረቅ ስለሆነ የቀረው ያው ነው። የሚያቀጥነው ውሃ ወይም ጨው የሌለው ተጨማሪ ምግብ ብቻ ነው።

መቀነስን ብቻ ማሰብ

እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመው የዳሽና ሶዲየም ጥናት፣ አትክልት፣ ፍራፍሬና ስቡ የተቀነሰ ወተት የበዛበትን፣ ዳሽ የሚባለውን አመጋገብ ከዝቅተኛ ሶዲየም ጋር አጣምሮ መርምሯል። ግፊት ባለባቸው ሰዎች የላይኛው ቁጥር፣ የተለመደ ምግብ በከፍተኛ ሶዲየም ከበሉበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር፣ በ11.5 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወርዷል። ጨው ቀንሶ ነጭ ዳቦና ሥጋ ብቻ የሚበላ ሰው የዚህን ውጤት ከፊሉን ያጣዋል።

መድኃኒትን በራስ ማቆም፣ ወይም ከልክ በላይ መጨከን

ግፊቱ ሲወርድ ክኒኑን መቀነስ የሐኪም ውሳኔ ነው። በተለይ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ የተባለውን የሚያሸና የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ አረጋውያን ጨውን ጨርሰው ሲተዉና ብዙ ውሃ ሲጠጡ የደማቸው ሶዲየም ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መፍዘዝና ግራ መጋባት ምልክቶቹ ናቸው። ትውከትና ተቅማጥ ሲያጋጥምም ፈጥኖ መታየት ያስፈልጋል።

ሳይለኩ መፍረድ

ግፊትዎን ሲለኩ 5 ደቂቃ ተቀምጠው ያርፉ፤ ጀርባ ተደግፎ፣ እግር ሳይጠላለፍ መሬት ረግጦ፣ ክንድ በልብ ከፍታ ላይ ይሁን። ሁሉንም አድርገው ለውጥ ከሌለ ሐኪምዎ የ24 ሰዓት ሽንት ምርመራ ሊያዝልዎ ይችላል። ከሚበላው ሶዲየም 90 በመቶ ያህሉ በሽንት ስለሚወጣ የበሉት እዚያ ይታያል፤ 2,000 ሚሊግራም ሶዲየም በላቦራቶሪው መለኪያ 87 ሚሊሞል ገደማ ነው። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ይደፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ የማግስቱን የጠዋት ጨምሮ፣ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። በመሐል አንዴ እንኳ ካመለጠ ለላቦራቶሪው ይንገሩ፤ ካልሆነ ውጤቱ ከሚበሉት አንሶ ይመጣል።