ቢሾፍቱ ያለውን የመዋኛ ገንዳ ከውጭ አገር ሆኖ ማሳደስ

ውጭ አገር እየኖራችሁ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ቤት ሠርታችሁ ግቢው ውስጥ ገንዳ ያስቆፈራችሁ ብዙ ናችሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚደርሳችሁ መልእክትም ይመሳሰላል። «ልስኑ ተላልጧል፣ ውሃው አረንጓዴ ሆኗል፣ ብር ላኩ።» ብሩ ይላካል። ነጭ የሆነ ገንዳ ፎቶ በቴሌግራም ይመጣል። ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ያው መልእክት ይደገማል።

ምክሬ አንድ ነው። ለልስን ብር ከመላካችሁ በፊት ገንዳውን በየቀኑ የሚይዝ ሰው ቅጠሩ። በደንብ የተያዘ ልስን አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ያልተያዘ ግን ምንም ያህል ጎበዝ ለሳኝ ቢሠራው ቶሎ ይበላሻል። አብዛኛውን ጊዜ ልስኑን የሚበላው ውሃው ነውና። ጥበቃው ወይም አትክልተኛው ትንሽ ደመወዝ ተጨምሮለት፣ የውሃው መለኪያ ተገዝቶለት፣ አንድ ቀን በደንብ ቢማር ይበቃል። ይህ ወጪ ከልስኑ ጋር አይወዳደርም።

መጀመሪያ ችግሩን እወቁ

ፎቶ ቀለም ያሳያል እንጂ ልስኑ መያዝ አለመያዙን አያሳይም። ስለዚህ ቪዲዮ አስልኩ፣ ድምፅ ያለው። ሰውዬው ከውሃው በላይ ያለውንና በእጅ የሚደረስበትን ግድግዳ በመዶሻ እጀታ ቀስ እያለ እየመታ ይሂድ። የያዘ ልስን ደረቅ፣ ጠጣር ድምፅ ይሰጣል። የለቀቀው ባዶ ጣሳ ሲመታ እንደሚሰማው ይሆናል። የለቀቀውን ቦታ በጠመኔ ይክበበው። ክቦቹ ጥቂት ከሆኑ መጠገን ይበቃል። ግድግዳውን ከሞሉት ሙሉ ልስን ያስፈልጋል። ቡናማ ነጠብጣብ ካያችሁ ከሥሩ ፌሮ ዝጎ ሊሆን ይችላል። እሱ ሳይከፈትና ሳይታከም ላዩን መለሰን ብር መጣል ነው።

«ውሃ ያፈሳል» ከተባላችሁ ደግሞ የባልዲ ሙከራ አስደርጉ። ባልዲ ውሃ ተሞልቶ የገንዳው መውረጃ ደረጃ ላይ ይቀመጥ። በባልዲው ውስጥም በገንዳውም ግድግዳ ላይ የውሃው ልክ በፕላስተር ይለጠፍ። ፓምፑ ጠፍቶ 24 ሰዓት ይጠበቅ። ሁለቱም እኩል ከወረዱ ትነት ነው፣ ገንዳው አያፈስም። ገንዳው ከባልዲው በልጦ ከወረደ ግን ያፈሳል። ያኔም ልስኑን ከመክሰሳችሁ በፊት ቧንቧውና ስኪመሩ (የውሃውን ገጽ ቆሻሻ የሚስበው አፍ) የተጋጠሙበት ቦታ ይታይ። ብዙ ጊዜ ውሃ የሚሾልከው ከዚያ ነው።

ገንዳውን ማንም ዝም ብሎ እንዳያራግፈው

ይህን በጥብቅ ንገሯቸው። ቢሾፍቱ በሆራና በባቦጋያ ሐይቆች ዙሪያ፣ ሐዋሳም ሐይቁ አካባቢ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። በተለይ ነሐሴና መስከረም ላይ መሬቱ ውሃ ጠጥቷል። ባዶ ገንዳ ክብደት ስለሌለው ከሥር ያለው ውሃ ገፍቶ ኮንክሪቱን ሊያነሳው ይችላል። ከተነሳ የምታድሱት ነገር የለም፣ አዲስ ገንዳ ነው የምትሠሩት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ መሬቱ ደርቋል፣ ፀሐዩም እንደ መጋቢት አያቃጥልም። ባለሙያው ገንዳውን ከማድረቁ በፊት አጠገቡ ጉድጓድ ቆፍሮ የውሃውን ደረጃ ይይ።

ካሬውንና ክፍያውን በእጃችሁ ያዙ

የእጅ ዋጋ በካሬ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ካሬውን ራሳችሁ አስሉ። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5፣ አማካይ ጥልቀቱ 1.5 የሆነ ገንዳ ወለሉ 50፣ ግድግዳው 45፣ በድምሩ 95 ካሬ ነው። 140 ካሬ ተብሎ ዋጋ ከመጣላችሁ ሰውዬው ገንዳውን አልለካም ወይም እናንተን ለክቷል።

ቅድሚያ ክፍያው ለማቴሪያልና ለቺፒንግ (አሮጌውን ልስን ለመፈልፈል) የሚበቃ ብቻ ይሁን። የላላው ልስን ተነቅሎ፣ ገጹ ሸካራ ሆኖ፣ ታጥቦ በቪዲዮ ሲታይ ሁለተኛው ይከፈል። ከጠቅላላው አሥር በመቶ ያህሉን ገንዳው ሞልቶ አንድ ወር እስኪሞላው ያዙ። ነጭ ሲሚንቶው የተመረተበት ቀን የሚታይበት የከረጢት ፎቶ፣ ከደረሰኙ ጋር፣ ይላክላችሁ። መጋዘን ውስጥ ክረምት ያሳለፈና የጓጎለ ሲሚንቶ አትቀበሉ። ብሩን የሚይዘውና ሥራውን የሚያየው ሰው ባይጣመሩ ደስ ይለኛል። የአክስት ልጅ ሥራውን ይቆጣጠር፣ ክፍያው ደግሞ በቀጥታ ከእናንተ ወደ ኮንትራክተሩ አካውንት ይግባ። ዝምድናችሁም በዚህ ነው የሚተርፈው።

ውል የሚፈርምላችሁ ሰው ካስፈለገ ውክልናውን ለጥገና ብቻ ወስናችሁ ስጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቤት ለመሸጥ ወይም ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ለገንዳ ጥገና ግን እነዚህን ቃላት ወረቀቱ ላይ ማስገባት ምን ይሠራል? በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የምትፈርሙት ውክልና አገር ቤት ሲደርስ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ስለሚረጋገጥ ሥራው ከመጀመሩ ቀደም ብላችሁ ላኩት።

የልስኑ ቀንና የውሃው ሰልፍ

የገንዳ ልስን ነጭ ሲሚንቶና የእብነ በረድ ዱቄት ነው፣ ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። በአንድ ቀን፣ በአንድ ቡድን፣ በጠዋት ተጀምሮ ያልቃል። «ግማሹን ነገ እንጨርሳለን» ካሉ መጋጠሚያው መስመር ሆኖ ይቀራል። ልስኑ እንደያዘ፣ ቢዘገይ በማግስቱ ጠዋት፣ ውሃ መግባት ይጀምራል። ከዚያ እስኪሞላ አይቆምም። ከቆመ የቆመበት ቦታ ቀለበት ይሠራል።

እዚህ ላይ ነው አገር ቤት ያለው ችግር የሚመጣው። ከላይ ያለው ገንዳ 75,000 ሊትር ይይዛል። ባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ስምንት ጊዜ መመላለስ አለበት። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቧንቧ መተማመን አይቻልም። ቦቴዎቹን ልስኑ ከመሠራቱ በፊት ቀጥሩ፣ ሰዓታቸውን አስጽፉ። ቦቴው በወፍራሙ ቱቦ ከላይ እንዳይለቀው፤ ግፊቱ ትኩስ ልስኑን ይፍቃል። የመጀመሪያው ግማሽ ሜትር በቀጭን ጎማ፣ ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ጥልቁ ቦታ ላይ ተኝቶ ቀስ ብሎ ይሙላ። እስኪሞላ ማንም ወደ ውስጥ አይግባ።

ለሁለት ሳምንት ግድግዳውና ወለሉ በቀን ሁለቴ በብሩሽ ይታሸ። የልስን ዱቄት እየለቀቀ ስለሆነ ተመልሶ እንዳይጋገር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ክሎሪን አይጨመር።

ቀሪው የየቀኑ ነገር

የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ብዙ ጊዜ ባይካርቦኔት ይበዛዋል፣ ፒኤቹም (የአሲድነቱ ልክ፤ ሲወርድ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ወደ ላይ ይሄዳል። ፒኤች 7.5 ላይ የክሎሪኑ ግማሽ ያህል ነው የሚሠራው። 8 ሲደርስ ሩብ ገደማ ብቻ ይቀራል። «ክሎሪን እየጨመርን ነው፣ ግን አረንጓዴ ነው» የሚሉት ለዚህ ነው። ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.6፣ ክሎሪኑ በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊ ግራም ይሁን። ፒኤቹ ሲወርድ ደግሞ ልስኑን ይበላዋልና አሲድ በግምት አይጨመር። ለ75,000 ሊትሩ ገንዳ 65 ፐርሰንት የሆነ ዱቄት ክሎሪን 115 ግራም ያህል ቢጨመር መጠኑን በሊትር አንድ ሚሊ ግራም ከፍ ያደርጋል። የሚጨመረው ማታ ነው፤ የቀን ፀሐይ ያጠፋዋል። ዱቄቱ ውሃ ባለበት ባልዲ ይሟሟ እንጂ ውሃ ዱቄቱ ላይ አይፍሰስ። ክሎሪንና አሲድ በአንድ ባልዲ፣ በአንድ መደርደሪያም አይገናኙ። መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። ይህን ለሚይዘው ሰው ራሳችሁ ደውላችሁ ንገሩት።

መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ይቆማል። ሲመለስ ማብራት የሚያስታውስ ሰው ይኑር። የአሸዋ ፊልተሩ ጌጅ (የግፊት መለኪያው) ፊልተሩ ንጹሕ ሳለ ከነበረበት በስምንት ወይም በአሥር ፒኤስአይ ሲጨምር ወደ ኋላ ይታጠብ። በየእሑዱ የመለኪያውንና የጌጁን ፎቶ ይላክላችሁ።

ወራት ሙሉ የሚዋኝበት ባይኖርም ገንዳውን አታስደርቁ፣ አታስረሱትም። የቆመ ውሃ የወባ ትንኝ ያራባል። በከተማ የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ አገራችን ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሀር ላይ ከተገኘ ወዲህ፣ የግንባታ ጉድጓድና ክፍት የውሃ ማጠራቀሚያ ሳይቀር መራቢያው እንደሆነ ታውቋል። የጎረቤት ሕፃናትም አሉ። ዙሪያው ይታጠር፣ በሩ ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፉም ገንዳውን በሚይዘው ሰው እጅ ብቻ ይሁን።